ዳማከሴ፦ የምች መድኃኒት

«ምች መታኝ» ያለ ሰው ባለበት ቤት የመጀመሪያው ትእዛዝ «ዳማከሴ አምጡ» ነው። ልጅ ወደ ጓሮ ይላካል፤ ከጓሮ ከጠፋ ከጎረቤት ይለመናል። አንድ ጭብጥ ቅጠል በመዳፍ ሲታሽ አረንጓዴ ጭማቂ ይወጣዋል፣ ሽታውም ቤቱን ያውደዋል። ታማሚው ያሸተዋል፣ ግንባሩንና ገላውን ይቀባበታል፣ ቡናው ላይም ጠብ ተደርጎለት ይጠጣል። ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ ማላብ ነው።

ዳማከሴ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ኦሲሙም ላሚፎሊየም ይባላል። በደጋና በወይና ደጋ፣ በጫካ ዳርና በቁጥቋጦ መሀል ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ሲመቸው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ግንዱን በጣት ቢዳስሱት አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። የማያውቁትን ቅጠል በሽታው ብቻ ለይቶ ከመቅጠፍ ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ ይሻላል።

በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይተዋል። እናቶቻችን በከንቱ አልደከሙም ማለት ነው። ነገር ግን ለሰው ስንት ጠብታ በቂ፣ ስንት ደግሞ ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ከአይጥ ጥናት አይገኝም። ስለዚህ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ማጠጣቱ ቢቀር፣ ዓይን ውስጥም ባይጨመር ይመረጣል።

ከቅጠሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «ምች» የምንለው ነገር ነው። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ቁስል ምች እንለዋለን፤ አምጪው ኸርፒስ የተባለ ቫይረስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ገደማ በራሱ ይደርቃል። ምስጋናውን ዳማከሴ ቢወስድ የሚጎዳ የለም። ራስ ምታቱን፣ ብርድ ብርድ ማለቱንና ትኩሳቱንም ግን ያው ምች እንለዋለን። ወባም አጀማመሩ እንዲሁ ነው፤ ማጅራት ገትርም ቢሆን። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕይወት ወደሚያሰጋ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ዳማከሴ ትኩሳቱን ለጊዜው ካበረደው ታማሚው «ተሻለኝ» ብሎ አንድ ሌሊት ያሳልፋል፤ ጉዳቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ካተኮሰውና ካንቀጠቀጠው፣ ዳማከሴውን ጠጥቶም ቢሆን በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። አንገቱ አልታጠፍ ካለው ወይም ከቀባጠረ ደግሞ ቅጠል ፍለጋ ሳይባል ሐኪም ቤት ይወሰድ።