እናታቸው የሞተችባቸው የዱር ግልገሎች ስለሚሞቱበት ምክንያትና ስለ ምርመራው

በጂንካ ዙሪያ፣ ከዚያም ወርዶ በማጎና በኦሞ ቆላ፣ እረኛ ወይም መንገደኛ ከበረሓ ያገኘውን የአምባራይሌ ግልገል አቅፎ ወደ ሹም ደጅ የሚመጣበት ጊዜ አለ። «እናቱ ሞታበት አገኘሁት፤ ወተት ይሰጠው» ይላል። ግልገሉም ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይሞታል። በቤት ያለው ሰው ኹሉ «የዱር ነገር ነውና ከሰው ጋራ አይኖርም» ብሎ ሬሳውን ከአጥር ውጭ ይጥለዋል። ይህ አነጋገር ምክንያቱን ሳይመረምሩ ነገሩን መዝጋት ነው። የግልገሉ ሞት ከእናቱ ሞት ጋራ አንድ እንደ ሆነ፣ የተጣለው ሬሳ ለከብቱም ለሰውም የጥፋት ምንጭ ይሆናል።

ለዚህ ነገር ምስክሩ ሩቅ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓመት ከጂንካ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው በማጎ ብሔራዊ ፓርክ የዱር እንስሳት በድንገት ይረግፉ ጀመር። የከብት ሐኪሞችና የፓርኩ ሰዎች መርምረው በሽታው አባ ሰንጋ መሆኑን ገለጡ። ከ1600 የሚበልጥ ሬሳ ተቈጠረ፤ የእንስሳቱም ዓይነት ወደ 20 ይደርስ ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ እጅግ የሚበዛው አምባራይሌ ነበረ። በዱር ውስጥ እንዲህ ያለ እልቂት ሲደርስ፣ የሞተችውን እናት እየተከተለ የሚቀር ግልገል ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው።

ሣር የሚግጠው ከብት በአባ ሰንጋ መያዙ ከመሬት ነው፤ ቅጠል በሊታው አምባራይሌ ግን በምን ተያዘ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በደቡብ አፍሪቃ በክሩገር ፓርክ ያሉ ሊቃውንት የአጋዘንን ሞት ሲመረምሩ፣ ከሬሳ ደም የጠጣ ዝንብ በቍጥቋጦ ቅጠል ላይ ተቀምጦ እንደሚተፋና እንደሚያቈሽሽ፣ ቅጠሉን የሚቀጥፈውም እንስሳ በዚያው እንደሚያዝ አይተዋል።

የአባ ሰንጋን ምክንያት አስቀድሞ የገለጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ነው፤ ይህም በ1876 በፈረንጆች ቍጥር ሆነ። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ደሙ ከሬሳው ወጥቶ አየር ሲያገኘው ተሐዋሲው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ወደ መሬት ይገባል፤ በዚያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቈያል። ሬሳው ሳይከፈት የቀረ እንደ ሆነ ግን በብስባሹ ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ሆዱ ፈጥኖ የተነፋ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቍር ደም የወጣበት ሬሳ የተገኘ እንደ ሆነ በቢላዋ መንካት ፈጽሞ አይገባም። ሥጋውን መብላት፣ ቆዳውንም ለልብስና ለምኝታ መግፈፍ ሰውን ይገድላል። በእጅ ወይም በፊት ላይ መካከሉ እንደ ከሰል የጠቈረ ቍስል የወጣበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ቶሎ የደረሰ ይድናልና።

እንግዲህ ግልገል ይዞ ለመጣው ሰው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ይብላ» ሳይሆን «እናቱ በምን ሞተች፣ ሬሳዋስ የት ነው» የሚል ይሁን። በእርግጥ ሞታ እንደ ሆነም ይጠየቅ። አምባራይሌ እንደ ወለደች ግልገሏን በቍጥቋጦ ሸሽጋ ለግጦሽ ትሄዳለች፤ ለማጥባትም ትመለሳለች። ብቻውን ተኝቶ ስለ ተገኘ የሙት ልጅ ነው ብሎ ማንሳት ስርቆት ነው፤ እንዲህ ያለው ግልገል ወደ ተገኘበት ስፍራ ይመለስ።

እናቱ በወጥመድ፣ በጥይት ወይም በአውሬ የሞተችበት ግልገል ደግሞ ሌላ ምክንያት ይገድለዋል። አንደኛው እንገር አለመጠጣቱ ነው። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት እንገር ያላገኘ ግልገል በሽታን የሚከላከል ኃይል አይኖረውምና ትንሽ ቍስል ወይም ተቅማጥ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ብርድ ነው፤ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ግልገል ሳይሞቅ ወተት ቢሰጡት አይፈጭለትም። አሳዳጊዎች ሳያውቁት የሚፈጽሙት ክፉ ነገር ግን ግልገሉን በጀርባው አስተኝቶ ወተት በጉሮሮው ማፍሰስ ነው። ወተቱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ግልገሉ ያስላል፣ ትንፋሹም ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ ይሞታል። ቆሞ ወይም በደረቱ ተኝቶ፣ አንገቱን ጥቂት ቀና አድርጎ፣ በራሱ አሳብ ይጥባ። እናቱ በምላሷ እየላሰች ታሸናው ነበርና፣ አሳዳጊው በለብታ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይህንኑ ያድርግለት።

የወተቱም ዓይነት ነገር ነው። በአውስትራሊያ ልጁን በሆዱ ከረጢት የሚያሳድግ ካንጋሮ የሚባል እንስሳ አለ። በመኪና የተገጨችውን እናት ልጅ እያነሡ የሚያሳድጉ ሰዎች የላም ወተት ሲሰጡት በተቅማጥ ይሞት፣ የቀረውም ዓይኑን ሞራ ይጋርደው ነበር። ሲመረመር በላም ወተት ያለውን ስኳር የካንጋሮ ልጅ ሆድ መፍጨት የማይችል ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ለርሱ የሚስማማ ወተት ተዘጋጀለት። ለሜዳችን ግልገሎች የፍየል ወተት ይሻላል፤ ነገር ግን ግልገሉ ከፍየሎች ጋራ አይታሰር። የዱሩ በሽታ ወደ ቤት፣ የቤቱም በሽታ ወደ ዱር ይተላለፋል፤ በክፉ ቀን የደስታ በሽታ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ጎሹንም መፍጀቱ ይታወሳል።

ግልገሉ የሞተ እንደ ሆነ፣ የተገኘበት ስፍራና ቀን፣ የጠጣው ወተት፣ የታየበት ምልክትና የሞተበት ሰዓት በወረቀት ይጻፍና የከብት ሐኪም ይጠራ። ሐኪሙ አባ ሰንጋ የጠረጠረ እንደ ሆነ ሬሳውን ሳይከፍት ከጆሮው ጥቂት ደም በመስተዋት ላይ ቀብቶ ያያል፤ ይህ የማያጠግበው እንደ ሆነ ናሙናው በሶዶ ወይም በሰበታ ወዳሉት የእንስሳት ላቦራቶሪዎች ይላካል። ጥርጣሬ ከሌለበት ግን ሬሳውን ከፍቶ ሳንባውንና አንጀቱን ይመርምር፤ በሳንባ ወተት ከተገኘ ጥፋቱ የአሳዳጊው ነው፤ ለሚቀጥለው ግልገል ይታረማል። የተጠረጠረው ሬሳ ጅብና አሞራ ሳይደርስበት ይቃጠል፤ ወይም 2 ሜትር በሚያህል ጕድጓድ ይቀበር፤ ደም የነካውም አፈር አብሮ ይግባ።

የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ በቤት ማኖር በአዋጅ ቍጥር 541/1999 የተከለከለ ነው (ይህ 1999 በእኛ አቈጣጠር ነው)። ስለዚህ በሕይወት ያለው ግልገል ለማጎ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ይነገርለት። አባ ሰንጋ የተረጋገጠ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በዚያ ዱር ዳር የሚሰማራው ከብት በቢሾፍቱ የሚሠራው ክትባት እንዲደርሰው የወረዳው ሹም በዚያው ቀን ይጻፍ።