ያውቁ ኖሯል? «ጉራጊኛ» የአንድ ቋንቋ ስም አይደለም

ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ቸሃ፣ እዣና እኖር ይሰማል፤ ከኩሽ ቤተሰብ የሆነው ቀቤናም እዚያው ይነገራል። ቡታጅራ ላይ ደግሞ መስቃን፣ ወደ ቡኢ ሲሄዱ ክስታኔ ይቀጥላል። ከቀቤና በቀር ሁሉም የሚጠሩት በአንድ «ጉራጊኛ» በሚል ስም ነው፤ የቸሃና የክስታኔ ተናጋሪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚግባቡት በአማርኛ ነው።

የቋንቋ ተመራማሪው ሮበርት ሄትስሮን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ስልጥኛ፣ ወለኔና የዝዋይ ደሴቶቹ ዛይ ከቸሃ ይልቅ ለሐረሪ እንደሚቀርቡ አሳይቷል። የጉርብትናው ካርታና የዝምድናው ካርታ እንዲህ ይለያያሉ።

ኩርዶችም ተመሳሳይ ሁኔታ አላቸው። ኩርማንጂና ሶራኒ ሁለቱም «ኩርድኛ» ይባላሉ፤ ተናጋሪዎቻቸው ግን ሳይለማመዱ በቀላሉ አይግባቡም። ኩርማንጂ በቱርክና በሶሪያ በላቲን ፊደል፣ ሶራኒ በኢራቅና በኢራን በዐረብ ፊደል ይጻፋል።

የጉራጌ ቋንቋዎች በፊደል በኩል ታድለዋል፤ የግዕዝ ፊደል ይበቃቸዋል፣ ጥቂት ሆሄያት ብቻ ይጨመሩበታል። ሆሄያቱ የሚጨመሩት ቸሃ ብዙ ትርጉም የሚያስተላልፈው በከንፈር ክብነት ስለሆነ ነው፦ ግሡ ውስጥ «ከ» ወደ «ኰ» ሲቀየር «እሱን» የሚል ተሳቢ ሊያመለክት ይችላል። አማርኛ ቅጥያ የሚጨምርበትን ቦታ ቸሃ በከንፈር ይጨርሰዋል፤ ድንቅ ቁጠባ ነው!

የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው ባለ ሦስት ቅጽ የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት በ1979 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ ስለ አንድ የጉራጌ መንደር ኑሮ በቸሃ ጽፏል፤ ሥራው በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሟል። ቸሃ የሚናገሩ ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ ሥራ ነው።