ላሊበላን በጆሮ የሚያዩ እንግዶች

የላሊበላ ጉዞ ዛሬ የሚጀምረው ከእጅ ስልክ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ገናን በላስታ ተራሮች መካከል ለማክበር ያሰበ ቤተሰብ አስቀድሞ የሆቴሎችን ድረ ገጽ ይከፍታል፤ ክፍሉን ያያል፣ ዋጋ ያነጻጽራል፣ ቦታ ይይዛል። ይህን ሥራ የሚሠራው የቤተሰቡ አባል ማየት የተሳነው ቢሆንስ?

ጥያቄው የጥቂቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጠናቀቀ አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 1.6 በመቶ ያህሉ ዐይነ ስውራን፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታቸው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ዋነኛው መንስኤ የዐይን ሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ትራኮማም ይከተላል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የእይታ መድከም ካሰብን ደግሞ ጉዳዩ የብዙዎቻችንን ቤት ያንኳኳል።

ማየት የተሳነው ሰው ስልክና ኮምፒውተር የሚጠቀመው በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ገጹን ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ «ቶክባክ»፣ በአይፎን ላይ ደግሞ «ቮይስኦቨር» ይባላል። ለኮምፒውተር በነጻ የሚገኘውን ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. የሠሩት ራሳቸው ማየት የተሳናቸው ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው።

ችግሩ ፕሮግራሙ የሚያነበው የተጻፈውን ብቻ መሆኑ ነው። የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ያለ መግለጫ ከተለጠፈ ሰሚው «ምስል» የሚል ቃል ወይም የፋይሉን ቁጥር ብቻ ይሰማል። ከፎቶው ጀርባ «ከአንድ አለት ወደ ታች የተፈለፈለ ባለ መስቀል ቅርጽ ቤተ ክርስቲያን፤ ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች አሉ» ተብሎ ቢጻፍ ግን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመዘገባቸው 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱን በጆሮው ያየዋል።

እኛ ዘንድ የተለመደ ሌላ ጉድለትም አለ። የዋጋ ዝርዝርና ማስታወቂያ በፎቶ መልክ ይለጠፋል። ለዐይን ያማረ ነው፤ ለስክሪን ሪደር ግን ባዶ ወረቀት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ያንኑ ጽሑፍ ከሥሩ በፊደል መድገም።

ድረ ገጽ ያላችሁ ወይም የምታሠሩ ከሆነ ባለሙያውን እነዚህን ጠይቁት፦

• እያንዳንዱ ፎቶ አጭር የጽሑፍ መግለጫ አለው?
• የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በኮዱ ውስጥ ተመልክቷል? ካልተመለከተ ፕሮግራሙ በሌላ ቋንቋ ድምፅ ለማንበብ ሊሞክር ይችላል።
• ስም፣ ስልክና ቀን የሚሞላባቸው ሣጥኖች ምን እንደሚጻፍባቸው ይናገራሉ?
• ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ ክፍል መያዝ ይቻላል?
• የፊደሉና የጀርባው ቀለም በደንብ ይለያያል?

ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትንም ጨምሮ ተደራሽነትን ያነሣል። ዕድሉ ሲከፈት ምን እንደሚገኝ ደግሞ ወሎ ራሱ ምስክር ነው፦ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን ያጣችው የሳይንቷ ተወላጅ የትነበርሽ ንጉሤ ተምራ የሕግ ባለሙያና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። በስልካችሁ መቼት ውስጥ ተደራሽነት የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ አንባቢውን አብሩ፤ ዐይናችሁን ጨፍናችሁም ላሊበላ ላይ አንድ ክፍል ለመያዝ ሞክሩ። የት ላይ እንደቆማችሁ ለሆቴሉ ጻፉለት፤ የሚስተካከለው ሲነገረው ነውና።