122ኛው ወታደር ማን ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

ተራኪ፦

ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ስላዘመተቻቸው ወታደሮች የተጻፉትን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ብዙም ሳይቆይ ቁጥሮቹ እንደማይገጥሙ ያስተውላል። አንዱ ጽሑፍ በጦር ሜዳ የወደቁት 121 ናቸው ይላል፤ ሌላው 122 ይላል። ያደረጓቸው ውጊያዎች በአንዱ 253፣ በሌላው 238 ናቸው። የዘማቾቹ ብዛት ጦርነቱ እስኪቆም የሄዱት ብቻ ሲቆጠሩ 3,518 ነው ይባላል፤ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱት ሲጨመሩ ከ6,000 ያልፋል። የውጊያ ቁጥር ቢለያይ አይገርምም፤ አንዱ የቃፊር ግጭት የሚለውን ሌላው ውጊያ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። በሙታኑ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ግን አንድ ሰው ነው። እናት አባት ስም ያወጡለት፣ ጓደኞቹ በቅጽል ስም የሚጠሩት አንድ ወጣት በአንዱ ጽሑፍ ሞቷል፣ በሌላው አልሞተም። ከሰባ ዓመት በላይ ይህ አለመስማማት ማንንም እንቅልፍ አለመንሳቱ ወታደሮቻችንን እንዴት ስናከብር እንደኖርን ብዙ ይናገራል። ይህ ፕሮግራም የሚሟገትለት ሐሳብም ከዚሁ ይነሣል፦ ወታደርን ማክበር የሚጀምረው የራሱን ታሪክ ከነስሙ፣ በራሱ አንደበት ከመመዝገብ ነው፤ ሐውልቱና ሜዳልያው ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

የዘመቻው መነሻ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. አጼ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ለተወረረች አገር እንዲደርስላት ጠየቁ፤ አልደረሰላትም። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ለደቡብ ኮሪያ ጦር ሲጠይቅ ኢትዮጵያ ጄኔቭ ላይ የጠየቀችውን ለሌላው ለመስጠት ተነሣች። ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው የመጀመሪያው ሻለቃ በልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ቃኘው ተብሎ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ በጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ገባ። በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር በ32ኛው ሬጅመንት ተመደበ። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የተመራው ይህ ሻለቃ ጊዜውን ሲፈጽም በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የሚመራው ተካው፤ ከዚያም የሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ሻለቃ ተከተለ። እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ድረስ ከሦስቱ ሻለቆች አንድም ወታደር አልተማረከም። ይህ ሲነገር የኖረ ነው፤ ሊነገርም ይገባዋል። ዳሩ ግን «አንድም አልተማረከም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተጨመቀውን ድካም ማን ነገረን? ማንም እንዳይማረክ በጨለማ፣ ከዜሮ በታች ሃያና ከዚያ በላይ በሚወርድ ብርድ፣ የቆሰለውን ተሸክሞ ተራራውን የወረደ ሰው ነበረ። ጥይት እያለቀበት ከቁስለኛው ጎን የቀረ ሰው ነበረ። የሻለቃው ዝና ከእነዚህ ሰዎች ትከሻ የተገኘ ሆኖ ሳለ ዝናው ሲታወስ ትከሻዎቹ ተረስተዋል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ነገር በ1945 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ሆነ። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለ አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ግንባሩ ድረስ ሄዶ ከውጊያ የተመለሱ ወታደሮችን በቡድን እያስቀመጠ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረው እንዲያወጉት ይጠይቅ ነበር። አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል፤ አንዱ ያጋነነውን ጎኑ የተቀመጠው ያርመዋል። ከሦስተኛው ሻለቃ ወታደሮችም ጋር በአስተርጓሚ እንዲሁ ተቀመጠ። ፖርክ ቾፕ በተባለው ኮረብታ ፊት ለፊት ባለው ሸለቆ የኢትዮጵያ ቃፊሮች በሌሊት ያደረጉትን ዛሬ ከእነ ስማቸውና ከእነ ንግግራቸው ማንበብ የምንችለው ያ ሰው ጠይቆ ስለጻፈ ነው። መጽሐፉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ታተመ። ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ኪሞን ስኮርዲሌስ የተባለ ግሪካዊ ጋዜጠኛ ስለ ቃኘው ሻለቃ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ቆይቶ የአገራችን ሰው ዳግማዊ አበበ ስለ ሻለቃው ሰፊ ታሪክ ሲያሳትምም በእንግሊዝኛ ነው። ለእነዚህ ጸሐፊዎች ያለን ምስጋና ትልቅ ነው። ነገር ግን የልጆቻችን ስም በባዕድ ጆሮ እንደተሰማ ተጽፎ፣ የተናገሩት በአስተርጓሚ አልፎ፣ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከሌላ ቋንቋ የሚለቅሙት ሆኖ መቅረቱ ሊያሳስበን ይገባል። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ ወታደሩ ራሱ ባወጋበት ቋንቋ፣ በዚያው ሰሞን ተቀምጦ የጠየቀው የአገሩ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ያህል በተረፈልን ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሰው ትዝታ ይስታል፤ ማርሻል ራሱ ትክክለኛነቱ የተጠየቀ ጸሐፊ ነው ይባላል። እውነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአራት ወታደር አንዱ እንኳን አይተኩስም ሲል የጻፈውን የኋላ ታሪክ ተመራማሪዎች ማስረጃ የለውም ብለው ተችተውታል። ይሁንና የተተቸው በምን እንደሆነ ልብ እንበል፦ ከግለሰቦች ወግ ተነሥቶ በሰጠው ጥቅል ቁጥር ነው። የዘጠና ዓመት አዛውንት የኮረብታውን ቁጥር ሊያምታቱ፣ ቀኑን ሊስቱ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ስሕተት ከክፍለ ጦሩ የዕለት መዝገብና ከሌሎች ዘማቾች ቃል ጋር ሲነጻጸር ይታረማል። መዝገቡ ግን ጨርሶ የማያውቀው ነገር አለ። ወታደሮቻችን ከደመወዛቸው እያዋጡ ዶንግዱቾን በተባለችው ከተማ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው ያሳድጉ ነበር፤ ማሳደጊያው ቦህዋወን ይባል ነበር። ሐሳቡን መጀመሪያ ያነሣው ማን ነው? ቋንቋቸውን የማይችለውን ሕፃን ምን እያሉ ያባብሉት ነበር? በጣሊያን ወረራ ራሱ ወላጁን ያጣ ልጅ ከእነርሱ መካከል ነበረ ይሆን? ይህን የትኛውም የዕለት መዝገብ አልያዘውም። ተጠይቀው የመለሱ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሳይጠየቁ ሄደዋል።

«ኮሪያ አክብራቸዋለች፤ ይበቃል» የሚልም አለ። ኮሪያ በእርግጥም ውለታ አልረሳችም። በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቹንቾን ከተማ የቆመውን መታሰቢያ መርቀዋል፤ በ1999 ዓ.ም. እዚያው ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል፤ ለዘማቾችና ለልጅ ልጆቻቸው የገንዘብ፣ የሕክምናና የትምህርት ድጋፍ ይመጣል። አዲስ አበባም አፍንጮ በር አጠገብ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ይህን ሁሉ አቃልሎ ማየት ነውር ነው። ችግሩ ኮሪያ የምትተርከው ታሪክ፣ በተፈጥሮው፣ ዘማቹ ወደ አገሩ በመርከብ ሲሳፈር የሚያበቃ መሆኑ ነው። የቀረውን ግማሽ ልንተርከው የሚገባ እኛ ነን፤ እርሱም ቀላል ታሪክ አይደለም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ሲሆን፣ ሙከራው ሲከሽፍ የአንድ ወቅት የአገር ኩራት የነበረው ጦር በአንድ ሌሊት የሚጠረጠር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወርዱ በስማቸው የዘመተውም አብሮ ተረሳ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ «ኮሪያ ዘምቻለሁ» ማለት የሚያኮራ መሆኑ ቀረ። በ1981 ዓ.ም. መስከረም ሴኡል የኦሎምፒክ ጨዋታ ስታዘጋጅ ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ሳትሄድ ቀረች። ልጆቿ ወድቀው የተከላከሏትን አገር በእንግድነት ለመጎብኘት እንኳን ፖለቲካው አልፈቀደም። የእነዚህ ሰዎች ክብር ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተቆራኝቶ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ በተናወጠ ቁጥር አብሮ ተናወጠ። በግል ተጠይቆ፣ ተቀርጾ፣ በቤተሰቡና በቤተ መዛግብት እጅ የተቀመጠ ምስክርነት ግን መንግሥት ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም። ለአንድ ሰው ታሪክ ይህን ያህል የምከራከረውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ገና እንባቸው ያልደረቀ እናቶች ባሉበት አገር የወታደርን ገድል መተረክ ጦርነትን ማሞገስ አይሆንም ወይ? የቅርቡ ቁስል እያለ የሩቁን ማከም ምን ይባላል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ቦታ ላይ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። መልሴ እንዲህ ነው፦ ጦርነትን የሚያሞግሰው ሰው የሌለበት ተረት ነው፤ 253 ጊዜ ተዋግቶ 253 ጊዜ ያሸነፈ ሻለቃ አይፈራም፣ አያለቅስም፣ ጣቱ በብርድ አይቆረጥም። አንድ ሰው ግን ይፈራል። ታሪኩን እንዲናገር ከተፈቀደለት ፍርሃቱን፣ የገደለውን ሰው ፊት፣ ከተመለሰ በኋላ እንቅልፍ ያጣበትን ሌሊት ይናገራል፤ ያንን የሰማ ወጣት ጦርነትን እንደ ሠርግ አይመኘውም። ዘመቻውን የወሰነውን መንግሥት መውቀስና ታዝዞ የዘመተውን የሃያ ዓመት ልጅ መስማት ደግሞ አይጋጩም። ኮሪያን ያስቀደምኩትም ከሌሎቹ ዘመቻዎቻችን ይልቅ እርስ በርስ የማያጨቃጭቀን ስለሆነ ነው፤ መጠየቅንና ማድመጥን ልንለምድበት እንችላለን። ከዚያ በኮንጎ የተሰማራው ጠቅል ብርጌድ አለ፤ ከዚያ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ምሥራቁን የተከላከሉት አሉ፤ ከዚያም ዛሬ በሃያዎቹ ዕድሜ እግሩን አጥቶ ከግንባር የተመለሰው አለ። ይህ የመጨረሻው ዘጠና ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ የለበትም። ማርሻል ወታደሮቹን ያነጋገራቸው የውጊያው ወሬ ሳይቀዘቅዝ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን አረጋውያን ሲሆኑ ብቻ ማድመጥ ልማድ ሆኗል፤ በዚህ ልማድ ያጣነው ከቃኘው ብቻ እንኳን ተቆጥሮ አያልቅም።

ሥራው ውድ አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት በፈረንጆች 2000 ባወጣው ሕግ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዘማቾችን ቃል እንዲሰበስብ አዘዘ፤ ዛሬ ከ100,000 በላይ ሰዎች ታሪክ እዚያ ተቀምጧል፤ አብዛኛውን የቀረጹት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጨምሮ ፈቃደኛ ሰዎች ናቸው። ቃለ መጠይቁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲሆን ብቻ ይጠየቃል። እኛም ወመዘክር አለን፤ የታሪክ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ በየክልሉ ቋንቋ የሚናገሩ ሬዲዮ ጣቢያዎች አሉን፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ኪስ ድምፅ መቅጃ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘማቾች የሰፈሩበት፣ ኮሪያ ሰፈር የሚባለው መንደር በእግር የሚደረስበት ነው። ጠያቂው ስንት ገደሉ ብሎ አይጀምር። ምሽጉ ውስጥ ከጎንዎ ማን ነበር ይበል፤ ከቤት ደብዳቤ ሲመጣ ማን ያነብልዎት ነበር፤ ያልተመለሰው ጓደኛዎ ስሙ ማን ይባላል፣ የአባቱስ ስም፣ አገሩ የት ነው ይበል። ያ 121 ነው ወይስ 122 ነው የምንለው ጉዳይ የሚፈታው በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። ዘማቹ ካረፉ ባለቤታቸው ይጠየቁ፤ ሲሄዱ ቤት የቀረችው፣ ሲመለሱ የተቀበለችው፣ በኋላ በደርግ ጊዜ ሜዳልያውን ከሣጥን ሥር የሸሸገችው እርሷ ልትሆን ትችላለችና። መናገር ያልፈለጉትን ማስገደድ አይገባም፤ ዝምታቸው ይከበር፤ መቅጃው ይጥፋ። ሲያበቃ አንዱ ቅጂ ወደ ቤተ መዛግብት ይግባ፤ ሌላው ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ ስሙም በአባቱና በአያቱ ስም፣ ራሱ እንደሚጽፈው ፊደል በፊደል ይጻፍ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)