ስለ ጭንቀት ሕመም፤ ጠበልና ክኒን

በየማለዳው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ከሚሳፈሩት መካከል፣ በታክሲ ውስጥ ሳሉ በድንገት ልባቸው የሚደልቅ፣ ትንፋሻቸው የሚያጥር፣ እጃቸው የሚደነዝዝና «ሞትሁ» የሚሉ ሰዎች ይገኛሉ። ልባቸው ተመርምሮ ደኅና ነው ሲባል፣ ዘመድ ወይ «መንፈስ ነው» ይላል፤ ወይ «ስንፍና ነው» ይላል። ሁለቱም ፍርድ ችኩል ነው።

የጭንቀት ሕመም እንዲህ ያለ ነው። ድንጋጤው ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥ ከጫፉ ደርሶ ይበርዳል። ክፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሕመምተኛው ታክሲውን፣ ገበያውን፣ ኋላም ቅዳሴውን ይሸሻል፤ በሸሸም መጠን ፍርሃቱ ይበረታል። ስለዚህ ሐኪሞች ትንፋሽን በዝግታ ማስወጣትን፣ ቡና መቀነስን (ሦስተኛውን ስኒ የምንተው ስንቶቻችን እንሆን?)፣ የተሸሸውንም ስፍራ ጥቂት በጥቂት መልመድን ይመክራሉ። የሚታዘዘው ክኒን ደግሞ ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል።

«አማኑኤል ሆስፒታል ሄደ እንዳልባል» ብሎ ከቤቱ የሚቀር ብዙ ነው። ወደ እንጦጦ ጠበል ወጥቶ ክኒኑን የሚጥልም አለ። ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስታውቀው ነበር። ለጭንቀት ሕመምም ነገሩ ያው ይመስለናል። በጾም ወራት ክኒኑ በየትኛው ሰዓት እንዲወሰድ ሐኪሙንና የንስሐ አባትን አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል።