ተጨማሪ መረጃ፦ ዲናሞ የመጀመሪያውን ማግኔት ከየት ያገኛል?

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ሽቦ በማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ተምራችኋል። አሁን ዲናሞ የተገጠመለትን አንድ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር እንመልከት። ባትሪው አልሞላ ካለ ብዙዎች ቸኩለው አዲስ ባትሪ ይገዛሉ፤ ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ መካኒክ አስቀድሞ ቺንጋውን ይጫናል፤ ከላላ ዲናሞው በበቂ ፍጥነት አይዞርም። ከዚያ ቮልቲሜትር በባትሪው ጫፎች ላይ ያደርጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.6 ገደማ የነበረው ቮልት፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ 14 ካልተጠጋ ዲናሞው እየሞላ አይደለም።

ቺንጋውም ሽቦዎቹም ደህና ከሆኑስ? በዚህ ዲናሞ ውስጥ ቋሚ ማግኔት የለም። መስኩ የሚፈጠረው ዲናሞው ራሱ በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነው። ታዲያ ሥራውን በምን ይጀምራል? በቀሪ ማግኔትነት! ቀሪ ማግኔትነት ማለት ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ በብረቱ ውስጥ የሚቆይ ደካማ ማግኔትነት ነው። ትራክተሩ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከቆመ ይህ ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ መካኒኩ የመስኩን ሽቦ ከዲናሞው ይነቅልና፣ ከባትሪው የመጣ ሽቦ በቦታው ላይ ለቅጽበት ያስነካል፤ ብረቱ ማግኔትነቱን መልሶ ያገኛል። ይህን ያለ ባለሙያ አትሞክሩት።

በሚስማር ግን መሞከር ትችላላችሁ። ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን ሽቦ ጠምጥሙበትና የሽቦውን ጫፎች ከ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ጋር ለጥቂት ሰከንድ አገናኙ። ሽቦውን አላቅቃችሁ ሚስማሩን ወደ ስፒል አስጠጉት። ያነሣዋል? በመዶሻ ደጋግማችሁ ከመታችሁት በኋላስ?