«ጥፊውን ዋጥ አድርጌ ልለፈው?»

ዲላ ውስጥ ቡና የጋበዘኝ የ17 ዓመት ልጅ በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ ከተፈናቀሉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጌዴኦዎች አንዱ ነው። ክፍል ውስጥ ስሙ «ተፈናቃይ» ነው። ሰሞኑን ማታ አንድ ፖሊስ አስቁሞ «መታወቂያ!» አለው፤ የለኝም ሲል በጥፊ አጮለው። (በ17 ዓመቱ የቀበሌ መታወቂያ ከየት ያምጣ!)

«ከጓደኞቼ ጋር ድንጋይ ይዤ ልሂድ?» አለኝ።

ሰሎሞን ተካን አነሳሁለት። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሀይፋ ውስጥ በፖሊስ ጥይት የሞተ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ነው። እኩዮቹ መንገድ ዘጉ፣ ጎማ አቃጠሉ፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። ንዴታቸው ይገባኛል። አንተ ግን ሰዓቱንና ቦታውን ጻፍ፣ ጤና ጣቢያ ታይተህ ማስረጃ ያዝ፣ ከአባትህ ጋር አመልክት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ድብደባውን ይከለክላል አልኩት።

«አባቴ ከሰማ ቀርጫ እንመለስ ይላል።»

ታላቅ እህቱን ይዘን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሦስታችን ልንሄድ ተቀጣጠርን።